የዝምተኛው ጠመንጃ መመሪያ

አዲሶቹ ጠመንጃዎች ፖሊስ መምሪያው የገቡ ዕለት ወጣቶቹ ፖሊሶች እንደ ሙሽራ ከበው አዩአቸው። አፈሙዛቸው ላይ የብስክሌት ጎማ መንፊያ የምታክል ጥቁር ቱቦ ተገጥማለች፤ የድምፅ ማፈኛ ናት። በማግስቱ «ዝምተኛው» የሚል ስም ወጣላቸው። ፖሊስ ሥራ ሲፈታ ስም ያወጣል፤ ለአዛዡም፣ ለአሮጌው መኪናም፣ ለሻይ ቤቱ ድመትም አውጥቷል።

መመሪያ ሳይጻፍላቸው ግን አንድም ጥይት እንዳይተኮስባቸው ታዘዘ። መመሪያውን አዘጋጅ የተባለው ደግሞ የተኩስ አሰልጣኙ ነው። አሰልጣኙን በሌለበት «ጋሽ ትንፋሽ» ይሉታል። ተኳሹ ጎን ተንበርክኮ «ትንፋሽ፣ ትንፋሽህን ያዝ» እያለ ሰው ስለሚያሳብድ ነው። በመምሪያው ውስጥ ጠመንጃ በወጉ የሚይዝ ሰው ሁሉ፣ አዛዡን ጨምሮ፣ በእሱ እጅ ያለፈ ነው። «አባዬ» የምትለው ግን አንዲት ኮንስታብል ብቻ ናት፤ እሷም ከግቢው በር ከወጡ በኋላ።

ከበሩ ወዲህ እሱ «አሰልጣኝ» ነው፣ እሷ «ኮንስታብል»። ይህን ሕግ ያወጣው ራሱ ነበር፣ ያፈረሰውም ራሱ ነው። አንድ ቀን ኢላማዋ ላይ ተመስጦ «ሚጡ፣ ትንፋሽ» ብሎ አረፈው። ያን ሰሞን ግቢው ሁሉ ሚጡ፣ ሚጡ ሲል ከረመ፤ የሻይ ቤቷ ባለቤት እስከ ዛሬ ሌላ ስም ያላት አይመስላትም። እኛም እንግዲህ ሚጡ እንበላት።

መመሪያውን የሚጽፉት ከእራት በኋላ እቤታቸው ነበር። አባት እየተንጎራደደ ይናገራል፣ ሚጡ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች፣ እናት ጥግ ላይ ካለችው የስፌት መኪናዋ ሆና የሰው ሱሪ ታሳጥራለች።

«ጻፊ» ይላል አባቷ። «ዝምተኛውን ጎረቤት አይሰማውም። ስለዚህ የያዘው ሰው ከመተኮሱ በፊትም፣ ከተኮሰ በኋላም በሬዲዮ ይናገራል።»

«ጻፍኩ።»

«ድምፁ ቀነሰ ተብሎ ጥያቄው አይቀንስም። አንዲት ጥይትም ብትሆን እንደ ጮኸችው ትመረመራለች። ማስጠንቀቂያም አይቀርም። ጠመንጃው ዝም አለ ብሎ ፖሊሱ ዝም አይልም።»

«አባዬ፣ ይቺን አዛዡ ግጥም ናት ብሎ ያወጣታል።»

«ምን?»

«አዛዡ ያወጣታል።»

«ያውጣት። እኔ አስገብቻታለሁ።»

ያቺ «ምን?» የአባቷ ልማድ ናት። ሚጡ አብራት ስላደገች ልብ ብላት አታውቅም። እሱ ደግሞ ምክንያቱን ከደረሰበት ቆይቷል፤ የዘመኑ ልጆች አፋቸውን ከፍተው አያወሩም።

ዋናው ጣጣ ጥይቱ ነበር። ተራው ጥይት ከድምፅ ይፈጥናል። ስለዚህ ቱቦዋ የአፈሙዙን ጩኸት ብትውጠውም ጥይቱ ራሱ አየሩን እንደ ጅራፍ ያጮኸዋል። ሌላ፣ ከድምፅ የሚዘገይ ጥይት አለ፤ «ቀርፋፋው» ይሉታል። ዝምተኛው የምሩን ዝም የሚለው ከቀርፋፋው ጋር ሲሆን ነው። ቀርፋፋው ግን መንገድ ላይ ቶሎ ዝቅ ይላል። ማነጣጠሪያውን ለእሱ አስተካክሎ ተራውን ጥይት ያጎረሰ ሰው ካሰበው ቦታ ከፍ አድርጎ ይመታል፤ ሰው ቆሞ ባለበት ቦታ ደግሞ ስንዝር ማለት ነፍስ ማለት ነው። ሁለቱ እንዳይደባለቁ አባቷ ቀርፋፋው የሚሞላበት ካዝና በነጭ ፕላስተር ይጠቅለል ብሎ አስጻፈ።

አንድ አንቀጽ ብቻ ክፍቱን ቀረ፤ የጆሮ መከላከያው ነገር። ጠመንጃዎቹ የተገዙት ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ጊዜ ፎቅ ደረጃ ላይ የተተኮሰ ጥይት የሁሉንም ጆሮ አደንቁሮ፣ ከበር ጀርባ የነበረ ሰው «እጄን ሰጥቻለሁ» እያለ ሲለምን የሰማው ጠፋ። ደግነቱ ሰውየው እጁን ሰቅሎ ራሱ ብቅ አለ። አዛዡ ያቺን ነገር ባሰበ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። ስለዚህ ዝምተኛውን የሚይዙ ልጆች ጆሯቸውን ሳይሸፍኑ እንዲገቡ ይፈልጋል። ይህ ጆሮ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን ግን ጋሽ ትንፋሽ በገዛ ጆሮው ሰምቶ ይፍረድ ተባለ።

የሙከራው ዕለት ጠዋት ብርድ ነበር። ሚጡ ሁለቱን ካዝናዎች ራሷ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፣ አንዱ ፕላስተር ያለው፣ አንዱ የሌለው። ተራው ጥይት የመጣው ለማነጻጸር፣ መጨረሻ ላይ እንዲተኮስ ነው። አዛዡና የቡድኑ ልጆች የጆሮ መከላከያቸውን ጭነው ከኋላ ተደረደሩ። ለፍርድ ጆሮውን የገለጠው አባቷ ብቻ ነበር።

ሊያጎርስ ሲል አዛዡ ትከሻውን ነካ አድርጎ እንጀምር የሚል ምልክት ሰጠው። እሱም ፊቱን ከኢላማው ሳያዞር አንድ ነገር ተናግሮ እጁን ወደ ጠረጴዛው ሰደደ። ዓይን ከኢላማ አይነሳም፣ ካዝና በዳበሳ ይገኛል፤ ስንቱን ሰልጣኝ በዚህ ሲያሰቃይ ኖሯል። ግን ጓንት አድርጓል። ፕላስተር ይኑር አይኑር እጁ አልነገረውም፣ ያገኘውን ካዝና ገፍቶ አስገባው። ሚጡ ደግሞ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታ እያዘዛት መስሏት የግራ ጆሮዋን ገለጥ አደረገች።

ተኮሰ።

ጅራፉ ጭንቅላቷ ውስጥ የጮኸ መሰላት። ጠረጴዛውን ያዘች። የግራ ጆሮዋ ጭው ብሎ ቀረ። ሌሎቹ በመከላከያቸው ጀርባ ሆነው የሰሙት ጠብ የሚል ነገር ብቻ ስለሆነ ቀልሃዋ ስትዘል እያዩ ተጠቃቀሱ።

አባቷ ፊቱ በርቶ ዞረ። «መጽሐፍ እንደ መክደን ነው!» አለ። «ይሄ የማንንም ጆሮ አይነካም። መከላከያ አያስፈልግም።»

አዛዡ መከላከያውን አውልቆ እንደገና አስነገረውና አንቀጹ እዚያው ተዘጋ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው። ሚጡ ጠረጴዛውን አየች። ነጭ ፕላስተር ያለው ካዝና ካስቀመጠችበት ንቅንቅ አላለም።

አባቷ ኢላማውን ሊያይ ሄደ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከመሀሉ ስንዝር ያህል ከፍ ብሏል። ጓንቱን አውልቆ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተና ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ቆመ። ቆየ። ከዚያ ጠመንጃው ላይ የተሰካውን ካዝና ዝቅ ብሎ አየው። ቀና ሲል ዓይኑ ያረፈው በመዳፏ የግራ ጆሮዋን ሸፍና በቆመችው በልጁ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ሳትክ እንዴ?» አለ አዛዡ እየሳቀ።

እሱ ሰው ፊት ኢላማ ስቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞት እየተንቀጠቀጠ እንኳ አልሳተም፤ ይህንንም ለማንም ሳይነግር ያለፈበት ሳምንት የለም።

«አዎ» አለ። «እጄ ሳተ።»

ለዚያ ሰው እጄ ሳተ ማለት ምን እንደሆነ ከሚጡ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚህች ቃል የሚብስበት ሌላ ቃል ስላለ ብቻ ነው ይህቺን የመረጠው።

ያን ዕለት አባቷ አላመሸም፤ በጊዜ ገብቶ ራሴን አሞኛል ብሎ ተኛ። ሚጡ እናቷ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ አባዬ እኮ ጆሮው...»

እናቷ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። «ዛሬ ገባሽ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማሽም? እሱ አያውቀውም እንጂ እኔ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። አንቺም ከእሱ ጋር ስለምትውዪ ነው መሰለኝ ያላየሽው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

እናቷ አሁን መኪናዋን አቆመች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ምን ብዬ? የተኩስ ሜዳው እኮ ነፍሱ ነው። ከዚያ ካስወጡት ምን ይሆንልኛል? ሰፈሩ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ፣ ያቺ ጯሂ ነው የምባለው። ተቆጥቼ የምጮኽ ይመስላቸዋል። ሁለት ጊዜ እንዳይጠይቀኝ ብዬ ነው። ሁለተኛ ሲጠይቅ ፊቱን ሳየው አያስችለኝም።»

ሚጡ በእናቷ ጩኸት ስታፍር ነው ያደገችው። የትምህርት ቤት ጓደኞቿን እቤት የማታመጣው በዚሁ ምክንያት ነበር። አሁን የእናቷን እጅ ያዘች።

በማግስቱ አባቷን ያገኘችው የመሣሪያ ማጽጃ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮቱ ጠባብ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ ነው። ረጅሙን ዘንግ ጨርቅ አልብሶ በአፈሙዙ ውስጥ ያመላልሳል። ንጹሑን አፈሙዝ። በሩን ዘግታ ከንፈሯን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጆሮሽ እንዴት ነው?» አላት ቀና ሳይል።

«ደህና ነው» ብላ ዋሸች። ጭው ማለቱን አልተወም።

«ትከሻዬ እኮ ነግሮኝ ነበር። ተራው ጥይት ትከሻ ላይ ይከብዳል። ትከሻዬን ትቼ ጆሮዬን አመንኩ።» ዘንጉን አስቀመጠ። «አንቺ ባትገልጪው ኖሮ ማንም ሳይሰማ፣ እነዚያን ልጆች ሁሉ ጆሯቸውን ባዶ አድርጌ ልኬያቸው ነበር። አንቺንም ጭምር።»

«አዛዡ ጋ ሄድክ?»

«ሄድኩ። ደግሜ ሳስበው መከላከያው አይቀርም አልኩት። ሁለቱ ጥይቶችም አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳይቀመጡ አስጨመርኩ። አጉረመረመ፣ ግን እሺ አለ።» አፉን በመዳፉ ጠረገ። «እሺ ያለው ግን እንግዲያው የሁሉም ጆሮ ይለካ ብሎ ነው። ከእኔ ይጀመር፣ ለወጉ ነው አለኝ። መቼስ ጥሩ ልጅ ነው፣ ምንም አልጠረጠረም።»

«ካልሰማህስ?»

«ከኋላው አቁም ሲባል የማይሰማ ሰው ተኩስ መስመር ላይ አይቆምም። አንቺው ነሽ የጻፍሽው።»

«አንተ ብለኸኝ ነዋ!»

«እኔ ብዬሽ ነው» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ሰውነቷ ሁሉ ልጅ ሆነ።

ያኔ ነው ነገሩን ያመጣችው። ትክክል አለመሆኑን አሳምራ ታውቃለች፤ አፏ ግን ቀደማት። ስትቀጠር ተራ ስትጠብቅ የሰው ጆሮ ሲለካ አይታለች። ተለኪው ስፖንጅ በለበሰ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ባለሙያው ከመስታወቱ ወዲህ ሆኖ ድምፅ ይልክለታል። ድምፁ ሲላክ ባለሙያው ፊት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች። የሰማ ሰው ጣቱን ያነሳል።

«እኔ ከባለሙያው ጀርባ እቆማለሁ» አለችው። «መብራቷ ስትበራ ኮሌታዬን እነካለሁ። አንተ ጣትህን ታነሳለህ። ዓይንህ እንደሆን አይስትም።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። የምታውቀው አባቷ ቢሆን ክፍሉን በጩኸት ይንደው ነበር። እሱ ግን ጨርቁን አንስቶ የተወለወለውን ብረት ደግሞ ወለወለው።

«በየትኛው እጅሽ?» አለ ዝግ ብሎ።

ሚጡ የቀኝ እጇን ወደ ኮሌታዋ አነሳች።

የጆሮ መለኪያው ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ይዞ ነው የሚቆመው። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ሥራውን የሚወድ፣ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ማብራሪያ ያለው። ሚጡ ቀድማ እንድትለካ አባቷ ጠየቀ፤ አሠራሩን ማየት ፈልጎ እንደሆነ ገብቷታል። ስፖንጁ ክፍል ውስጥ ገብታ በሰማች ቁጥር ጣቷን አነሳች። የቀኙ ቀላል ነበር። በግራው ስትጠብቅ የቆየችበት ጊዜ ነበረ፣ ድምፅ መላኩን እንኳ ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ስትወጣ ባለሙያው ወረቀቱን እያየ «የግራ ጆሮሽ ደክሟል» አላት። «ሰሞኑን ሳትሸፍኚው የተተኮሰ ነገር ነበር?»

«ትንሽ ነው።»

«ካሳረፍሽው ይመለሳል። እንዲህ ያለው ከተደጋገመ ግን አይመለስም፤ ጆሮ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።»

ይህን ሲያወሩ አባቷ በሩ ጋ ነበር፣ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነው። ሚጡ አልሰማም ብላ ነበር። ግን ዓይኑን ከባለሙያው ከንፈር ላይ አልነቀለም። ለካ ራሱም ሳያውቀው ስንት ዓመት በዓይኑ ሲሰማ ኖሯል። መጥቶ ባለሙያው ፊት፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ የግራ ጆሮዋን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። እናቷ ለእሷ ዳንቴል ስትሰፋ ጨርቁን እንደምትነካው ነው የነካው።

«ሚጡዬ» አለ።

ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ። ባለሙያው ማዳመጫውን አጠለቀለት፣ በሩን ዘግቶ ወደ መቆጣጠሪያው ተመለሰ። ሚጡ ከጀርባው ቆመች። መብራቷ በራች፤ ኮሌታዋን ነካች፤ የአባቷ ጣት ተነሳ። ደግሞ በራች፤ ነካች፤ ተነሳ።

«አንቺ፣ አባትሽ ጆሮው የጎረምሳ ነው» አለ ባለሙያው ተደስቶ።

መብራቷ እንደገና በራች። ሚጡ እጇን ወደ ኮሌታዋ ላከች። አባቷ በመስታወቱ ውስጥ ያያታል። እጇን አይደለም፣ ፊቷን ነው የሚያየው። ጣቱን አላነሳም። እንዳላየ መስሏት ኮሌታዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። እሱ ግን ፈገግ አለላት፤ ሕፃን ሳለች ትምህርት ቤት በር ላይ ትቷት ሲሄድ የሚያሳያት ፈገግታ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

መብራቷ በራች። ጠፋች። በራች። እጁ ጉልበቱ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሚጡ መስታወቱን በጡጫዋ መምታት አማራት። ባለሙያው መደሰቱን ተወ፤ መጀመሪያ ማዳመጫው ተነቅሎ እንደሆነ ሽቦውን አየ፣ ከዚያ አንገቱን አቀርቅሮ ቁልፉን ከፍ አደረገ። ደግሞ ከፍ አደረገ። አባቷ ዓይኑን አልገለጠም። ደሞዙን እንደሚጠብቅ ሰው ሳይሆን፣ ከሩቅ የሚመጣ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው በትዕግሥት ተቀምጧል።

ባለሙያው ቁልፉን አሁንም አዞረው። ያኔ ከስፖንጁና ከወፍራሙ መስታወት አልፎ ቀጭን ፉጨት መጣ፣ ውጭ ለቆመችው ለሚጡም ተሰማት። በደከመው ጆሮዋ እንኳ ተሰማት።

የአባቷ ጣት በዝግታ ተነሳ። ሚጡ እጇን ከኮሌታዋ ላይ አወረደች።